የእናትሽ ካንሰር በዘር የሚሄድ ይሆን? ደረጃ በደረጃ የምታጣሪበት መንገድ

ካርድ ላይ «የቤተሰብ ታሪክ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ብዙ ጊዜ ፊት ለፊቷ «የለም» ተብሎ ይታለፋል። እኔም እንዲያ ጽፌ አውቃለሁ።

ደብረ ብርሃን ነው። ሐምሌ ነው፣ ብርዱ አያድርስ ነው። ከመንዝ የመጡ እናት ባናቸውን ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ተነፍቷል። እኔ ነርስ ነኝ፣ ካርዱን እየሞላሁ ነው። «እማማ፣ ከቤተሰብዎ በካንሰር የታመመ ሰው አለ?» አልኳቸው። «ኧረ የለም ልጄ! በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉኝ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳችልኝ፣ እንዲሁ በጨዋታ መሐል «አክስቴም እንዲህ ሆዷ እያበጠ ነው የሞተችው» አለች። የእናትዬዋ ታናሽ እህት መሆኗ ነው። ሻይዋን ሳልጠጣላት ወደ ካርዱ ተመለስኩ።

እናትዬዋ አልዋሹኝም። እህታቸውን «ካንሰር ነው» ያላት ሐኪም አልነበረም። ሐኪም ቤትም አልደረሰችም። ስለዚህ እሳቸው በሚያውቁት፣ በቤታቸው ካንሰር የለም። የሳተው የእኔ ጥያቄ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፍልሽ። ለአንቺ፣ ለአስታማሚዋ። እናትሽ፣ እህትሽ ወይም አክስትሽ የማህፀን ወይም የእንቁልጢ ካንሰር ተብላ፣ ፌስታልሽን ይዘሽ አልጋ አጠገብ ለተቀመጥሽው። እንቁልጢ የምለው ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሉትን፣ እንቁላል የሚያመርተውን ክፍል ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። በዘር የሚሄድ ካንሰር ሲፈለግ የሚጀመረው ከታመመችዋ ሴት ነው፣ ከጤነኛዋ አይደለም። እሷ ላይ የዘረ መል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የሰውነት መመሪያ፣ ለውጥ ከተገኘ፣ አንቺ ላይ የሚፈለገው ያ የታወቀ አንድ ነገር ብቻ ይሆናል። መልሱም ቁርጥ ያለ ነው፤ ወርሰሻል ወይም አልወረስሽም። እሷ ሳትመረመር አንቺ ተመርምረሽ «ምንም የለም» ብትባዪ ግን፣ ያልወረስሽ ይሁን ወይስ ምርመራው ያላየው ሌላ ነገር በቤተሰቡ ይኑር፣ አይለይም። እሷ ካለፈች ደግሞ መንገዱ ይጠባል። ስለዚህ ሁሉም ነገር አሁን ነው፣ እሷ እያለች።

1. እጢው ከየት እንደተነሳ እወቂ

በእኛ ዘንድ «የማህፀን ካንሰር» ሲባል ብዙ ነገር ይደባለቃል። የማህፀን በር፣ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ፣ እንቁልጢ፣ ሁሉም «ማህፀን» ይባላል። ለዘር ጉዳይ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ከሆነ እፎይ በዪ፣ በዘር በኩል ማለቴ ነው። መንስኤው ኤችፒቪ የሚባል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከእናት ወደ ልጅ በደም አይወረስም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየውም እሱ ነው። ስለዚህ «የእናቴ በሽታ ይዞኛል» ብለው ከሚጨነቁት ልጆች ብዙዎቹ ጭንቀታቸው ያለ ቦታው ነው። የእነሱ ሥራ ሌላ ነው። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነች ሴት የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ታድርግ። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ደግሞ ቀደም ብላ ትጀምር። ትንሿ እህት የኤችፒቪ ክትባት ትውሰድ፤ ክትባቱ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ፣ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። ከዚህ የሚወጣ በጣም ጥቂት ነገር አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከንፈሯና አፏ ዙሪያ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ያሏት፣ አንጀቷ ላይም እጢ የሚወጣባት ሴት የማህፀን በር ካንሰር ቢይዛት፣ ያ በዘር የሚመጣ ልዩ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር።

ማዮማ ከሆነ ደግሞ ካንሰር አይደለም። እዚህ ላይ ይብቃው።

የእንቁልጢ ወይም የማህፀን ቱቦ ካንሰር ከሆነ ግን ቀጥዪ። የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ከሆነም ቀጥዪ።

ይህንን ከምን ታውቂያለሽ? ከፓቶሎጂ ውጤቱ። ከእጢው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈው ወረቀት ማለት ነው። «እጢ ነው ብለውናል» አይበቃም። ወረቀቱን ጠይቂ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጊ፣ በስልክሽም አንሺው። የእጢውን ዓይነት ስም ነርሷ ወይም ሐኪሙ በአማርኛ ፊደል እንዲጽፉልሽ ለምኚ። «ሃይ ግሬድ ሴረስ» ከተባለ በተለይ ልብ በዪ፣ በዘር ከሚሄዱት ጋር አብዝቶ የሚገናኘው እሱ ነው። በልጃገረድነት የሚወጡ የእንቁልጢ እጢዎች አብዛኞቹ በዘር አይደሉም፤ ከእነሱም ግን በዘር የሚሄዱ ጥቂት ዓይነቶች ስላሉ ስሙ ይታወቅ።

2. ዘር ቁጠሪ

ረጅም ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማሽን አይጠይቅም። አንድ ወረቀትና እስኪርቢቶ ይበቃል። በእኔ እምነት ከምርመራው ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ዘር መቁጠር ያውቃል። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበሩትን አባቶች ብትጠይቂ፣ ርስት የሚገኘው ዘር ተቆጥሮ እንደነበር ይነግሩሻል። ርስት ደግሞ በአባት ብቻ አልነበረም፤ በእናትም በአባትም ይጠየቅ ነበር። ዘረ መልም እንደዚያው ነው። የእንቁልጢና የጡት ካንሰር የሴት ስለሆነ በሴት በኩል ብቻ የሚሄድ ይመስላል። አይደለም። አባት ከእናቱ ወርሶ፣ እሱ ምንም ሳይሆን፣ ለሴት ልጁ ያወርሳል። ስለዚህ የአባትሽን እናትና እህቶች እንደ እናትሽ ወገን እኩል ጠይቂ።

እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፣ ሃምሳ በመቶ። የመጀመሪያዋ ስለወረሰች ሁለተኛዋ አትድንም፣ የመጀመሪያዋ ስላመለጠች ሁለተኛዋ አትያዝም። ያልወረሰ ሰው ደግሞ ለልጁ የሚያወርሰው የለም።

አሁን ወረቀቱን ያዢ። ሴት ክብ ናት፣ ወንድ አራት ማዕዘን ነው። የሞተ ሰው ላይ አንድ ሰረዝ ይደረጋል። መሐል ላይ የታመመችውን እናትሽን አስቀምጪ። ከላይ እናቷና አባቷ። ከጎኗ እህትና ወንድሞቿ። ከሥሯ ልጆቿ፣ ከዚያ የልጅ ልጆቿ። ቀጥሎ የእናቷ እህትና ወንድሞች በአንድ በኩል፣ የአባቷ በሌላ በኩል። ሦስት ትውልድ ይበቃል።

እዚህ ጋ ቋንቋችን ያሳስተናል። «አክስቴ» ስትይ የእናት እህት ናት ወይስ የአባት? ቃሉ አይለይም። «እህቴ» ስትይ ከአንድ ማህፀን የወጣችው ናት ወይስ የአጎት ልጅ? ሲያሳድጉሽ «እናቴ» ያልሻቸው ሴት አያትሽ ሊሆኑ ይችላሉ። በጡት ልጅነት የገባ፣ የክርስትና ልጅ፣ የእንጀራ እናት፣ ሁሉም ቤተሰብ ናቸው፤ በደም ግን አይደሉም። ለእያንዳንዱ ሰው «ማን ወለዳት?» ብለሽ አጣሪ። ስማችን ላይ የአባት እንጂ የእናት ስም ስለሌለ ስም ብቻ አይረዳሽም። በአንድ አባት ከሁለት እናት የተወለዱትንም ለይተሽ ጻፊ።

ከዚያ ሕመሙን ጠይቂ። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ግን አስቀምጪው። በዱሮው አነጋገር ነቀርሳ ነው፤ ነቀርሳ ስትያቸው ደግሞ ሳንባ ይመስላቸዋል። ብዙ ቤት ውስጥ ስሙ ጨርሶ አይጠራም፣ «ያ መጥፎ በሽታ» ነው። ስለዚህ የሆነውን ነገር ጠይቂ፣ ስሙን አትጠይቂ። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው። በምን ሞተች? ሆዷ አብጦ ነበር? ውሃ ተቀድቶላት ያውቃል? ጡቷ ላይ እብጠት ወይም ቁስል ነበረ? ከሰገራዋ ጋር ደም ነበረ? ከስታ ነበር? ጠበል ሄዳ ነበር፣ ለምን ሕመም ተብላ? ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም የወሰዳት ዘመድ ካለ እሱ ከማንም በላይ ያስታውሳል፤ አብሯት ሰንብቷልና።

አንዲት ጥያቄ አለች፣ ለዱሮ ሴት አያቶች የምትሆን። «ዕድሜዋ ገፍቶ ሳለ ለረጅም ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ ነበር?» ደም የሚፈሳት ሴት አትገባም። ወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደጀ ሰላም ቆማ የምታስቀድስ አሮጊት ካለች፣ አንድ ነገር ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለ ደም አላወራችም ይሆናል፤ ጎረቤት ግን መቅረቷን ያስታውሳል።

ዕድሜም ያስፈልግሻል። ስንት ዓመቷ ነበር ብትያቸው «ማን ቆጥሮት» ይሉሻል። በዘመን አስይዣቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ አግብታ ነበር? በ77ቱ ድርቅ ስንት ልጅ ነበራት? ደርግ ሲወድቅ በሕይወት ነበረች? የመጨረሻ ልጇ ስንተኛ ክፍል ነበር ስትታመም? ከ50 በፊት ወይስ በኋላ መሆኑ ከተለየ ይበቃል፤ ትክክለኛውን ዓመት ማግኘት ግድ አይደለም።

የት ትጠይቂያለሽ? ለቅሶ ቤት አይደለም። በሽተኛዋ ፊትም ሁሉም አይወራም። ቡና ተፈልቶ፣ ሴቶቹ ብቻ ሲቀሩ ጥሩ ነው። ስልክም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ያለች አክስት፣ ሸዋ ሮቢት ያገባች የአጎት ልጅ፣ አረርቲ ያሉ የአባት ወገን፣ ሁሉም አንዳንድ ቁራሽ ይዘዋል። ለምን እንደምትጠይቂ በግልጽ ንገሪያቸው። «ለእኛ ለልጆቹ ነው» ካልሻቸው ይነግሩሻል።

3. ወረቀቱ ምን ይላል?

አሁን ወረቀቱን ዘርግተሽ እዪው። የሚከተለው ካለ ለሐኪሙ ሳታሳዪው አትውጪ።

የእንቁልጢ፣ የማህፀን ቱቦ ወይም የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰር ያለባት ሴት ከሆነች፣ ወረቀቱ ባዶ እንኳ ቢሆን የዘረ መል ምርመራ ይገባታል። ይህ ብዙዎችን ይገርማል። በሌላው ዓለም በተደረጉ ጥናቶች ከእነዚህ ሴቶች ከ5 አንዷ ያህል በዘር የወረሰችው ለውጥ አላት፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የታመመ ዘመድ የላቸውም። በአባት በኩል መጥቶ ይሆናል፣ ወይም ቤተሰቡ ትንሽ ይሆናል፣ ወይም ሴቶቹ በወሊድ፣ በወረርሽኝ፣ በጦርነት ሳይታመሙ ቀድመው አልፈው ይሆናል። ስለዚህ «ዘመድ ስለሌላት አያስፈልጋትም» ከተባልሽ በትሕትና ደግመሽ ጠይቂ።

የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ከሆነ ከ100 ሴቶች 3 አካባቢ ናቸው በዘር የሚይዛቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከ50 ዓመት በፊት ከሆነ የያዛት፣ ወይም ወረቀትሽ ላይ የአንጀት ካንሰር ካለ ግን ጥርጣሬው ይጨምራል። ሕመሙ ሊንች ሲንድረም ይባላል። አንጀትን፣ ማህፀንን፣ እንቁልጢን፣ ጨጓራንና የሽንት ቧንቧን ይነካል። ለማስታወስ የሚመች የቆየ መለኪያ አለ፦ 3፣ 2፣ 1። ሦስት የታመሙ የቅርብ ዘመዶች፣ በሁለት ተከታታይ ትውልድ፣ ከእነሱ አንዱ ከ50 ዓመት በፊት የታመመ። ይህ ከተሟላ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። ካልተሟላ ግን የለም ማለት አይደለም፤ መለኪያው ብዙዎችን ሳያይ ያልፋል።

ሌሎች ደወሎች፦ አንዲት ሴት ሁለት ካንሰር ሲይዛት፣ ለምሳሌ ጡትና እንቁልጢ፣ ወይም ማህፀንና አንጀት። በወጣትነት የመጣ የጡት ካንሰር። ወንድ ላይ የወጣ የጡት ካንሰር። የቆሽት ካንሰር።

ወረቀትና እስኪርቢቶ ምን ያህል እንደሚያሳዩ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን፣ አልድሬድ ዋርቲን የሚባል የፓቶሎጂ ሐኪም ነበረ። ልብስ የምትሰፋለት ሴት አዝና ታገኘዋለች። ዘመዶቿ ብዙዎቹ በካንሰር እንደሞቱ፣ እሷም በዚያው እንደምትሞት ትነግረዋለች። ሐኪሙ ሰማት፣ ዘሯን ቆጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመው። እሷም እንደፈራችው ገና ሳታረጅ በማህፀን ካንሰር ሞተች። ያኔ ዘረ መል መርማሪ ማሽን የለም። ዛሬ ሊንች የምንለው ሕመም መጀመሪያ የታየው ከልብስ ሰፊዋ አፍ ነው። መጠሪያው የተገኘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤተሰቦቹን ካጠናው ከሄንሪ ሊንች ነው።

4. የተቆረጠውን ሥጋ አትጣዪው

ከኦፕራሲዮን ወይም ከባዮፕሲ (ለምርመራ ከእጢው ቁራጭ ከመውሰድ) በኋላ ሥጋው ፎርማሊን በሚባል፣ እንዳይበሰብስ በሚጠብቀው ፈሳሽ ብልቃጥ ተደርጎ ለአስታማሚ ሲሰጥ አይቻለሁ። ይዘሽ ወደ ላብራቶሪ የምትሄጂው አንቺ ከሆንሽ እነዚህን ጠብቂ። ሥጋው ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ፎርማሊኑ ከሥጋው በአሥር እጥፍ ይብዛ እንጂ ጠብታ አይሁን። በውሃ፣ በአልኮል ወይም በሳሊን (በጨው ውሃ) አይተካ። ብልቃጡ ላይ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ቀን ይጻፍ። ክዳኑ ላይ ብቻ አይጻፍ፣ ክዳን ይቀያየራል። አይቀዝቅዝ፣ ፀሐይም አይምታው። ሥጋው ከተበላሸ፣ በኋላ የሚመጣው ምርመራ ሁሉ ይበላሻል።

ላብራቶሪው ሥጋውን በሰም ውስጥ ያትመዋል። ብሎክ ይሉታል። ከክብሪት ሳጥን ያነሰ፣ የጧፍ ሰም የሚመስል ነገር ነው። ይህች ሰም ለዓመታት ትቀመጣለች፣ ከዓመታት በኋላም ተቆርጣ ልትመረመር ትችላለች። የብሎኩን ቁጥር ከውጤት ወረቀቱ ላይ ጻፊና ያዢ። እናትሽ ብታልፍ እንኳ ያ ቁጥር ለእህትሽ ልጅ ይጠቅማል።

የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ላይ ከዚህ ሰም የሚሠራ ምርመራ አለ፣ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል። አራት ፕሮቲኖችን ይፈልጋል፦ ኤምኤልኤች 1፣ ፒኤምኤስ 2፣ ኤምኤስኤች 2 እና ኤምኤስኤች 6። ሥራቸው ዘረ መል ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስህተት ማረም ነው። ፕሮቲኑ ካለ የሕዋሱ አስኳል ቡናማ ይሆናል፣ ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በእጢው ውስጥ ጠፍቶ በአጠገቡ ባለው ጤነኛ ሥጋ ላይ ከታየ፣ ያኔ ነው ሊንች የሚጠረጠረው።

አራቱ እንደ ጥማድ በሬ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። ኤምኤልኤች 1 ከፒኤምኤስ 2፣ ኤምኤስኤች 2 ከኤምኤስኤች 6። ዋናው ሲወድቅ ተጣማጁም አብሮ ይጠፋል። ተጣማጁ ሲወድቅ ግን ዋናው ሌላ አቻ ያገኛል፣ ይቆማል። በዚህ ምክንያት አራቱን ማሠራት ካቃተ፣ ፒኤምኤስ 2 እና ኤምኤስኤች 6ን ብቻ ማየት ለመጀመሪያ ያህል ይበቃል። ገንዘብ ካጠረሽ ሐኪሙን ይህንን ጠይቂ።

ኤምኤልኤች 1 ጠፍቷል ከተባለ አትደንግጪ። አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የመጣና በዘር የማይሄድ ነው። ሜቲሌሽን የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ይለየዋል። ኤምኤስኤች 2 ወይም ኤምኤስኤች 6 ከጠፋ ግን ቀጥታ ወደ ደም ምርመራ ነው።

5. የደም ምርመራው

በዘር የወረስነው ለውጥ በሰውነታችን ሁሉ ስላለ ደም ወይም ምራቅ ይበቃል። ከእጢው ብቻ የተገኘ ለውጥ ግን ከእጢው ጋር የተወለደ ሊሆን ስለሚችል በደም መረጋገጥ አለበት። እነዚህን ሁለቱን አታደባልቂ።

ምርመራው በየሆስፒታላችን የሚሠራ አይደለም። ብዙ ጊዜ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ይላካል፣ ውድም ነው። ከሰሜን ሸዋ ያለችው መንገድ ይህች ናት፦ ደብረ ብርሃን ያለውን የማህፀን ሐኪም ወረቀትሽን አሳዪው፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ያሉትን የማህፀን ካንሰር ሐኪሞች ጠይቂ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «የቤተሰብ ታሪክ ተያይዟል» ተብሎ ይጻፍ። የሣልሽው ዘር ኮፒው አብሮ ይሂድ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወረቀት ረስተሽ ከተመለስሽ ቀኑም ገንዘቡም ሄደ።

ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ምክር ይኑር። እናትሽ ገብቷት ትፈቅድ። «ለደም ማነስ ነው» ተብላ አትቀዳ። እኔ እንዲህ ነው የምላቸው፦ «እትዬ፣ ይህ ምርመራ ለእርስዎም ለልጆችዎም ነው። ለውጥ ከተገኘ የሚጠቅምዎት መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ልጆችዎም ቀድመው ይጠበቃሉ። ካልፈለጉ ሕክምናዎ አይቋረጥም።» አንዷ እናት ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «ለልጆቼ ከሆነ ሁለት ብልቃጥ ቅጂ» አሉኝ።

መድኃኒት ያልኩት እውነቴን ነው። ቢአርሲኤ 1 ወይም ቢአርሲኤ 2 በሚባሉት ዘረ መሎች ላይ ለውጥ ያላት የእንቁልጢ ካንሰር ታማሚ፣ ኦላፓሪብ የሚባል የእንክብል መድኃኒት ይጠቅማታል። ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። መኖሩን ማወቅ ግን መብቷ ነው።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለእነዚህ አይመረመሩም። አድገው ራሳቸው ይወስኑ።

6. ውጤቱን ማንበብ

ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል።

ለውጥ ተገኝቷል። ቤተሰቡ መልሱን አገኘ ማለት ነው። ቢአርሲኤ 1 ከሆነ፣ ከወረሱት 100 ሴቶች እስከ 80 ዓመታቸው 44 አካባቢ የእንቁልጢ ካንሰር ይይዛቸዋል፣ 70 አካባቢ ደግሞ የጡት። ቢአርሲኤ 2 ላይ የእንቁልጢው ወደ 17 ይወርዳል፣ የጡቱ ተቀራራቢ ነው። ሊንች ላይ የማህፀን ግድግዳው ካንሰር እንደ ዘረ መሉ ዓይነት ከ13 እስከ 50 ይደርሳል። መውረስ መታመም አይደለም።

ምንም አልተገኘም። በእናትሽ ላይ ከሆነ ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቤተሰቡ ውስጥ ብዙ ታማሚ ካለ ክትትሉ ይቀጥል። በእናትሽ ላይ ተገኝቶ በአንቺ ላይ ካልተገኘ ግን በዚያ በኩል ነፃ ነሽ። ልጆችሽም።

ሦስተኛው «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ነው። ይህ ለእኛ ለአፍሪካውያን ይበዛል፤ ማነጻጸሪያው መዝገብ በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተሰበሰበ ነውና። በዚህ ውጤት እንቁልጢ አይወጣም፣ ማህፀን አይወጣም፣ ዘመድ አይመረመርም። ወረቀቱን አስቀምጪና ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ትርጉሙ ተቀይሮ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። አብዛኞቹ በኋላ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ።

7. ለዘመድ መንገር

ይህ የሚከብደው ነው። በእኛ አገር ለጋብቻ ዘር ይጠየቃል። «እነ እገሌ ዘራቸው በሽታ አለበት» ከተባለ የልጅቷ ዕድል ይዘጋል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፣ አልንቀውም። ስለዚህ ወሬው የሚመለከተው ሰው ጋ ብቻ ይሂድ። ለእህቶች፣ ለወንድሞች፣ ለአክስትና አጎት ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ። ማኅበር ላይ አይነሳ፣ በቴሌግራም ግሩፕ አይለቀቅ። ወንዶቹን እንዳትዘነጊ፣ እነሱም ሴት ልጆች አሏቸው።

ሐኪሙ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቂ። የዘረ መሉ ስምና የለውጡ ዓይነት ይጻፍበት። ዘመድሽ ያንን ይዞ ከሄደ ምርመራው ይቀላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

እናትሽ «እኔ ነኝ ያመጣሁባችሁ» ልትል ትችላለች። ብዙ እናቶች ይሉታል። እጇን ያዢና እሷም ሳታውቅ ከወላጆቿ እንደተቀበለችው ንገሪያት።

8. የወረሰችው ጤነኛ ሴት ምን ታድርግ?

ለእንቁልጢ ካንሰር አስተማማኝ ቅድመ ምርመራ የለም። አልትራሳውንድና ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ በየዓመቱ ቢደረግም ከሞት እንደማያድን በትልልቅ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ ቢአርሲኤ 1 ያላት ሴት ወልዳ ከጨረሰች በኋላ፣ ከ35 እስከ 40 ባለው ዕድሜ እንቁልጢና ቱቦዋን እንድታስወጣ ይመከራል። ቢአርሲኤ 2 ከሆነ ከ40 እስከ 45 ይቆያል። ቱቦው አብሮ መውጣት አለበት፣ ብዙው የእንቁልጢ ካንሰር የሚነሳው ከቱቦው ጫፍ ነውና። ከዚያ በኋላ ወር አበባ ይቆማል፣ ሙቀት ሙቀት ይላል፣ አጥንት ይሳሳል። የጡት ካንሰር ይዟት ለማያውቅ ሴት ሆርሞን ሊሰጣት ይችላል። ባልየውም ይህን ቀድሞ ይስማ፤ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ከሕመሙ ይከብዳል።

ገና መውለድ ለምትፈልገው፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የእንቁልጢ ካንሰርን ስጋት ይቀንሳል። አምስት ዓመት የወሰዱ ሴቶች ላይ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የጡት ጉዳይ ስላለ ግን ከሐኪም ጋር ይወሰን እንጂ በራስ አይጀመር። ለጡት ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ ኤምአርአይ፣ ከ30 ጀምሮ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ይመከራል። ኤምአርአዩ ካልተገኘ ማሞግራሙና የሐኪም ምርመራው አይቅር።

ሊንች ከሆነ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ የግድ ነው። በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ፤ እንደ ዘረ መሉ ዓይነት ከ20 እና 25 መሐል ወይም ከ30ዎቹ ጀምሮ። ወልዳ ከጨረሰች በኋላ፣ 40 አካባቢ ስትደርስ፣ ማህፀንና እንቁልጢ ስለማስወጣት ትነጋገር።

ምርመራው ያልደረሳት ሴትም ባዶ እጇን አትቀመጥ። ወር አበባ ከቆመ በኋላ የታየ ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ በዚያው ሳምንት ትታይ። ሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ «ጨጓራ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ጠበሉን የምትጠመቅም ትጠመቅ፣ አልትራሳውንዱን ግን አታዘግይ። ስትሄድም ያንን ወረቀት ይዛ ትሂድ።

ወረቀቱን ላስቲክ አልብሰሽ ከመሬት ይዞታ ደብተራችሁ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። የብሎኩ ቁጥርና የውጤቱ ኮፒ አብረው ይሁኑ። አንድ ፎቶ በአንቺ ስልክ፣ አንድ በእህትሽ ስልክ ይኑር። ከቤተሰቡ አዲስ ሰው ሲታመም ቀኑንና ዕድሜውን ጨምሪበት። የእነዚያ የመንዟ እናት ልጅ ባለፈው ስትመጣ ከቦርሳዋ ያወጣችው እንዲህ ያለ ወረቀት ነበር። እርሳስ ነው፣ ጥጉ ተቀዷል፣ አንድ ቦታ ቡና ፈስሶበታል። በአባቷ ወገን ሁለት ክብ ጨምራለች።